1.4 ቶን የሚመዝነው የቼዝ ማሽን ኪሳችሁ ውስጥ እንዴት ገባ?

ስልካችሁ ላይ ቼዝ የምትጫወቱ ይህችን ታውቋታላችሁ። ጨዋታው ያልቃል፣ ተሸንፋችኋል፣ ተናዳችሁ ትንተናውን ትከፍታላችሁ። ከሰሌዳው ጎን አንድ ቁጥር ከፍ ዝቅ ሲል ይቆይና "እዚህ ጋ ፈረሱን ብታንቀሳቅስ ኖሮ ታሸንፍ ነበር" የሚል ነገር ያሳያችኋል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ይህን የሚነግራችሁ ፕሮግራም በምድር ላይ ካለ ከየትኛውም ሰው የተሻለ ይጫወታል፣ የዓለም ሻምፒዮኑንም ጨምሮ። ያውም በነጻ።

በ1997 እንዲህ ያለ አቅም ለማግኘት አይቢኤምን መሆን ያስፈልግ ነበር። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኩባንያው ዲፕ ብሉ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ቁም ሳጥን የሚያህል፣ 1.4 ቶን የሚመዝን ማሽን ነበር። በዚያ ዓመት ኒው ዮርክ ላይ የጊዜውን የዓለም ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 ረታው። ከዚያ ጡረታ ወጣ። ዛሬ አንዱ ቁም ሳጥን ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም፣ ሌላው ደግሞ ካሊፎርኒያ ባለው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ቆሟል።

ታዲያ ያ አቅም ከሙዚየም ወጥቶ ኪሳችን ውስጥ እንዴት ገባ? ብዙ ሰው "ቴክኖሎጂ አደገ፣ ቺፕ አነሰ፣ በቃ" ብሎ ያልፈዋል። ግማሹ መልስ እሱ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ይበልጥ ይገርማል። እነዚህን ለቼዝ ብቻ የተሠሩ ማሽኖች አሳንሰው ተራ የቤት ኮምፒውተር ላይ ለመሰካት የለፉ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ተሳክቶላቸዋል። ዋናው ሕልም ግን ሳይደርስ ቀረ፣ የቀደመው ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው።

ለቼዝ ብቻ የተሠራ ቺፕ ምኑ ይለያል?

የቼዝ ፕሮግራም ሥራ በግርድፉ ሦስት ነው። ከዚህ አቀማመጥ ተነስቶ ምን ምን መጫወት እንደሚቻል መዘርዘር፣ የደረሰበት አቀማመጥ ለማን እንደሚሻል ነጥብ መስጠት፣ ከዚያ ደግሞ የቱን መንገድ ገፍቶ ማየት እንዳለበት መወሰን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ብልሃት አይጠይቁም፣ ግን በየሰከንዱ እጅግ ብዙ ጊዜ ይደጋገማሉ።

ተራ ፕሮሰሰር ይህን ሲሠራ ቤት ለቤት እንደሚዞር ሕዝብ ቆጣሪ ነው። ሰሌዳው 64 ቤት አለው። ቆጣሪው አንዱን በር ያንኳኳል፣ "እዚህ ማን አለ? ወዴት ወዴት መሄድ ይችላል?" ብሎ ይጽፋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለቼዝ ብቻ የተሠራ ቺፕ ግን ለእያንዳንዱ ቤት የየራሱ ትንሽ ሰርኪዩት አለው። 64ቱም ቤቶች በአንድ ጊዜ በራቸውን ከፍተው ይመልሳሉ። ዞሮ የሚጠይቅ አያስፈልግም።

ይህን ሐሳብ ትልቅ ደረጃ ላይ ያደረሱት ቤል ላብስ የሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ የነበሩት ኬን ቶምሰን እና ጆ ኮንደን ናቸው። ቶምሰን ማለት ዩኒክስን ከፈጠሩት አንዱ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁ ውስጥ ያለው ሊኑክስ በዩኒክስ አምሳል ስለተሠራ፣ ሳታውቁት በየቀኑ የእሱን ሐሳብ እየነካካችሁ ነው። የሠሯት ማሽን "ቤል" ትባላለች (አዎ፣ ከተቋሙ ጋር ሞክሼ ናት ማለት ይቻላል)። በሰከንድ ወደ 160,000 አቀማመጦችን ትመረምር ነበር። በ1980 ኦስትሪያ ውስጥ በሊንዝ ከተማ የኮምፒውተሮች የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ1982 ደግሞ ቶምሰን ወደ ሞስኮ ሊወስዳት ሲል የአሜሪካ ጉምሩክ ኬኔዲ አየር ማረፊያ ላይ ያዛት፤ ከፍተኛ ቴክኖሎጂ ለሶቪየት ኅብረት ሊወጣ ነው ተብሎ። የቼዝ ማሽን እኮ ናት!

ቤል ግን ሳጥን ሙሉ ሰርኪዩት ነበረች። ታይዋን የተወለደውና በ1985 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፌንግ ሹንግ ሹ የሷን እርምጃ የመዘርዘር ዘዴ ወስዶ አንድ ቺፕ ላይ አሰፈረው። ያ ቺፕ ቺፕቴስት ለተባለ ማሽን ልብ ሆነ፣ ቀጥሎ ዲፕ ሶት መጣ፣ ሹም በ1989 ወደ አይቢኤም ገባ። የ1997ቱ ዲፕ ብሉ ውስጥ የሹ ቺፖች ቁጥር 480 ደርሶ ነበር። እያንዳንዷ ቺፕ ለብቻዋ በሰከንድ ከ2 ሚሊዮን በላይ አቀማመጦችን ማየት ትችላለች፤ ማሽኑ በድምሩ ወደ 200 ሚሊዮን ማየት ይችላል።

አሁን ጥያቄው ግልጽ ነው አይደል? ከ480ዎቹ አንዷን ብቻ ነቅለን ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ብንሰካትስ?

ቀድሞ የተሞከረው፦ ካርዱን ግዛ፣ ሰካ፣ ተጫወት

በነገራችን ላይ ይህ ሐሳብ ዲፕ ብሉን አልጠበቀም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታስክ የሚባል የኔዘርላንድስ ኩባንያ "ቼስማሽን" የተባለ ካርድ ሠራ። ዛሬ ጌመሮች ግራፊክስ ካርድ እንደሚሰኩት፣ የኮምፒውተሩን ሳጥን ከፍታችሁ ማዘርቦርዱ ላይ የምትሰኩት ነገር ነው። የዚያን ጊዜ የቤት ኮምፒውተሮች ዘገምተኛ ነበሩ፣ ቼዝ ላይ ብዙም አይገፉም። ታስክ ያደረገው ምንድነው? ኮምፒውተሩ ሰሌዳውን በስክሪን ያሳይ፣ የተጫወትከውን እርምጃ ይቀበል፤ ማሰቡን ግን ካርዱ ላይ ያለው ሌላ ፕሮሰሰር ይሥራው። አሮጌ ኮምፒውተር ቢሆንም ግድ የለም፣ እሱ አስተናጋጅ ብቻ ነው፤ ምግቡ የሚበስለው ጓዳ ነው።

ያ ፕሮሰሰር ደግሞ አርም ነበር። አዎ፣ ያው አርም። የዛሬ አንድሮይዶችም አይፎኖችም የሚሠሩበት የፕሮሰሰር ቤተሰብ። በ1985 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ አኮርን በሚባል ኩባንያ የተወለደ፣ ቀለል ያለ ንድፍ ያለው ፕሮሰሰር ነው። ስለዚህ የቼስማሽን ካርድ ልብ የዛሬው ስልካችሁ ፕሮሰሰር አያት ነው ብንል ማጋነን አይደለም።

ውጤቱስ? ኤድ ሽሮደር የጻፈው ጊዲዮን የተባለ ፕሮግራም በዚሁ ካርድ ላይ ሆኖ በ1991 ቫንኩቨር ላይ የትንንሽ ኮምፒውተሮች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1992 ማድሪድ ላይ ደግሞ ትልልቆቹ ማሽኖች ሁሉ የሚገቡበትን ዋናውን የዓለም ሻምፒዮና በላ። ማይክሮ ኮምፒውተር ያንን ዋንጫ ሲወስድ የመጀመሪያው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልን። ቼስማሽን ላይ ያለው አርም ለቼዝ ብቻ የተሠራ ቺፕ አልነበረም። ማንኛውንም ፕሮግራም ማስኬድ የሚችል ተራ ፕሮሰሰር ነው፤ ለቼዝ የተመደበ እንጂ ለቼዝ የተወለደ አይደለም። ፕሮግራሙ ስህተት ከተገኘበት ይታረማል፣ አዲስ ሐሳብ ከመጣ ይጨመርበታል። የሹ ቺፕ ግን እንዲህ አይደለም። የቼዝ እውቀቱ ራሱ ሲሊኮኑ ላይ ተቀርጿል። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ትልቅ ዋጋ ያስከፍላል።

የሹ ሕልም

ሹ ዲፕ ብሉ ሙዚየም መግባቱን አይቶ ዝም አላለም። በ1999 አይቢኤምን ለቀቀ፣ ሲወጣም የቼዝ ቺፑን ንድፍ የመጠቀም ፈቃድ ይዞ ወጣ። ዕቅዱ ቺፑን በአዲስ ቴክኖሎጂ እንደገና አሻሽሎ መሥራትና ተራ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የቼዝ ካርድ ማድረግ ነበር። ካስፓሮቭን ያሸነፈውን ነገር ማንም ሰው ገዝቶ ቤቱ ያስገባል ማለት ነው።

በወረቀት ላይ ስታዩት ዕቅዱ ቀሽም አይደለም። በ1997 የነበረችው አንዷ ቺፕ እንኳ በሰከንድ ከ2 ሚሊዮን በላይ ታያለች፤ የዚያን ጊዜ የቤት ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ግን ገና መቶ ሺህዎች ውስጥ ነበሩ።

ግን ቺፕ መሥራት እንደ አፕ መሥራት አይደለም። አፕ ላይ ስህተት ቢገኝ ማታ አርማችሁ ጠዋት አፕዴት ትለቃላችሁ። ቺፕ ግን ንድፉ ወደ ፋብሪካ ይላካል፣ ፋብሪካው ለብቻው ማተሚያ ያዘጋጅለታል፣ ገና አንድ ቺፕ ሳይሸጥ ብዙ ገንዘብ ይወጣል። ተሠርቶ ሲመጣ ስህተት ካለው ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ያንን ወጪ ለመመለስ እጅግ ብዙ ሰው መግዛት አለበት። ለቼዝ ብቻ የሚያገለግል ካርድ ስንት ሰው ይገዛል? ኢንቴልና ኤኤምዲ ደግሞ በዚያው ጊዜ ለመላው ዓለም የሚሸጡትን ፕሮሰሰር በየዓመቱ ያፈጥኑ ነበር። የቼዝ ካርዱ የአንድ ሰው ልፋት ነው፤ ተራው ፕሮሰሰር ከኋላው ዓለምን የሚያህል ገበያ አለ።

ካርዱ ገበያ ላይ ሳይወጣ ቀረ። ሹ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ፤ በ2003 ቤይጂንግ የሚገኘውን የማይክሮሶፍት የምርምር ማዕከል ተቀላቀለ። ከ1985 ጀምሮ የያዘው ነገር እንደነበር ስታስቡ ያሳዝናል፣ እውነት ለመናገር።

መካከለኛ መንገድ የፈለጉም ነበሩ። ኤፍፒጂኤ የሚባል የቺፕ ዓይነት አለ፤ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላም ውስጡ ያለው ሰርኪዩት እንደገና ሊደራጅ የሚችል ነው። የሃርድዌር ፍጥነት አለው፣ ደግሞ ይታረማል። ኦስትሪያዊው ክሪሊ ዶኒንገር በዚህ ቺፕ መጀመሪያ ብሩተስን፣ ቀጥሎ ሃይድራን ሠራ። የሃይድራ ስፖንሰር አቡዳቢ የሚገኘው ፓል ግሩፕ ነበር (አቡዳቢ ያላችሁ ተከታታዮቻችን፣ ይህን ታውቁ ነበር?)። ካርዶቹ ተራ ኮምፒውተር ላይ በሚገኘው መሰኪያ ላይ ነበር የሚሰኩት፤ ብዙ ኮምፒውተሮች ተቀጣጥለው አንድ ሃይድራ ይሆናሉ። በ2005 ለንደን ላይ በዓለም ካሉ ምርጦች አንዱ የነበረውን ማይክል አዳምስን ስድስት ጨዋታ ገጥሞ 5.5 ለ 0.5 አሸነፈው። ውርደት ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ፍጥነት ዋጋ አጣ

አዳምስ ከተሸነፈ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ በ2006 መጨረሻ፣ ጀርመን ቦን ውስጥ ሌላ ግጥሚያ ተካሄደ። የዓለም ሻምፒዮኑ ቭላድሚር ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ ከሚባል በሱቅ የሚሸጥ ፕሮግራም ጋር። ፕሮግራሙ የተጫነው ተራ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ባሉት ኮምፒውተር ላይ ነው። የቼዝ ቺፕ የለም፣ ልዩ ካርድ የለም። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ8 እስከ 10 ሚሊዮን አቀማመጥ፤ የዲፕ ብሉ ሃያኛ ገደማ ማለት ነው። 4 ለ 2 አሸነፈ። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ክራምኒክ በአንድ እርምጃ የሚመጣ ቼክ ሜት ሳያይ ማለፉ እስከዛሬ ይወራል።

ሃያ ጊዜ የዘገየ ማሽን እንዴት ያሸንፋል? እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በአንድ አቀማመጥ ላይ በአማካይ ወደ 35 የሚሆኑ እርምጃዎች መጫወት ይቻላል እንበል። አንተ ትጫወታለህ፣ እሱ ይመልሳል፦ 35 ጊዜ 35፣ 1,225። አንተ ደግመህ፣ እሱ ደግሞ፦ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ገና ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የተጫወታችሁት! ፕሮግራሞች የማይረቡትን መንገዶች በሒሳብ ዘዴ ይቆርጣሉ። ቆረጣው ምርጥ በሆነ ጊዜ እንኳ አንድ እርምጃ አርቆ ለማየት ሥራው ስድስት ጊዜ ያህል ይበዛል። ስለዚህ ሃያ ጊዜ የፈጠነ ማሽን የሚያገኘው ብልጫ ሁለት እርምጃ እንኳ አይሞላም። 480 ቺፕ፣ 1.4 ቶን ብረት፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ የማትሞላ ብልጫ።

በሌላ በኩል ደግሞ ከ1997 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ፕሮግራም ጻፊዎቹ መቁረጥን ተምረዋል። ተስፋ የሌለውን መንገድ በጊዜ መተው፣ ከዝርዝሩ መጨረሻ ያሉትን እርምጃዎች በጥልቀት ሳይሆን በላይ በላዩ ማየት። እያንዳንዷ ብልሃት ከአዲስ ቺፕ ይልቅ ብዙ ታተርፋለች። ሶፍትዌር ስለሆነች ደግሞ ጠዋት ተጽፋ ማታ ትሞከራለች። ሲሊኮን ላይ የተቀረጸው የሹ ቺፕ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር።

እንዲያውም ፍንጩ ቀድሞ ታይቶ ነበር። በ1995 ሆንግ ኮንግ ላይ በተደረገው የኮምፒውተሮች የዓለም ሻምፒዮና የዲፕ ብሉ የሙከራ ማሽን ፍሪትዝ ተሸንፎበታል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። ተገላቢጦሽ ነው የሆነው። አንድ ፔንቲየም ፕሮሰሰር ባለው የቤት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ፍሪትዝ የአይቢኤምን ማሽን አሸንፎ ዋንጫውን ይዞ ሄደ።

የመጨረሻው ምስማር የመጣው ደግሞ በስልክ ነው። በ2009 ቦነስ አይረስ ላይ ፖኬት ፍሪትዝ 4 የሚባል ፕሮግራም ኤችቲሲ ስልክ ላይ ሆኖ ከሰዎች ጋር ውድድር ገባ። ከ10 ጨዋታ 9.5 ነጥብ አገኘ። ያ ስልክ በሰከንድ የሚያየው ከ20,000 አቀማመጥ በታች ነበር። ከዲፕ ብሉ 10,000 ጊዜ የዘገየ። ዛሬ ትልልቅ ውድድሮች ላይ ስልክ ይዞ አዳራሽ መግባት የተከለከለው ለዚህ ነው።

ታሪኩ በ2017 ተደገመ

ሰው ሁሉ "ልዩ ሃርድዌር አበቃለት" ሲል ጉግል መጣ። የኩባንያው አልፋዜሮ በ2017 ከራሱ ጋር ብቻ እየተጫወተ ቼዝ ተማረ። ለዚያ የሚሆኑትን ጨዋታዎች ለማፍራት 5,000 ያህል ቲፒዩ የሚባሉ የጉግል ልዩ ቺፖች ሠርተዋል። ከዚያ በተራ ፕሮሰሰር ላይ ይሠራ የነበረውን ስቶክፊሽን ገጠመ፤ ከ100 ጨዋታ 28 አሸነፈ፣ 72 አቻ፣ አንድም አልተሸነፈም። የግጥሚያው ሁኔታ ለስቶክፊሽ አይመችም ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፣ ከፊሉ ቅሬታ ልክ ነበር። ሆኖም ነገሩ ግልጽ ነው፦ ምርጡ ቼዝ ተመልሶ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ጓዳ ገባ። እንደ 1997።

በዚህ ጊዜ ግን ወደ ቤት ለመምጣት ዓመታት አልፈጀበትም። በ2018 ሊላ ቼስ ዜሮ የሚባል ክፍት ፕሮጀክት ተጀመረ። ሐሳቡ የአልፋዜሮ ነው፤ ሃርድዌሩ ግን የበጎ ፈቃደኞች ጌም መጫወቻ ግራፊክስ ካርድ። 5,000 ቲፒዩ የሌላቸው ሰዎች ከየቤታቸው ካርዳቸውን አዋጥተው፣ እንደ ደቦ፣ ሚሊዮኖች ጨዋታዎችን አጫወቱ። በ2019 ሊላ በታወቀ የፕሮግራሞች ውድድር ፍጻሜ ስቶክፊሽን አሸነፈች። ይህ ለእኛ ከታሪኩ ሁሉ ደስ የሚለው ክፍል ነው።

ግን ግራፊክስ ካርድ የሌለውስ? እሱን የፈታው ከጃፓን ነው የመጣው። ዩ ናሱ የተባለ ሰው በ2018 ለሾጊ፣ ማለትም ለጃፓን ቼዝ፣ በተራ ፕሮሰሰር ላይ በፍጥነት የሚሠራ ትንሽ ኒውራል ኔትወርክ አዘጋጀ። ዘዴው የባለሱቅ ሒሳብ ነው። ዘንቢላችሁ ውስጥ አንድ ሳሙና ስትጨምሩ ባለሱቁ ሁሉንም ከመጀመሪያው አይደምርም፤ የሳሙናውን ብቻ ይጨምራል። ቼዝ ላይም በአንድ እርምጃ የሚቀየረው አንድ ሁለት ቤት ስለሆነ፣ ኔትወርኩ የተቀየረውን ብቻ አስልቶ ሌላውን እንዳለ ይተወዋል። በመስከረም 2020 የወጣው ስቶክፊሽ 12 ይህን ይዞ መጣ፣ ከቀደመው ስሪት በግልጽ በለጠ። ልዩ ቺፕ አያስፈልግም፣ ግራፊክስ ካርድም አያስፈልግም። አርም ያለው ስልክ ይበቃል፤ ያው የቼስማሽን የልጅ ልጅ።

እናንተ ጋ ሲደርስ

ሊቼስ ላይ ገብታችሁ ማንኛውንም ጨዋታ ለትንተና ስትከፍቱና ኢንጂኑን ስታበሩ የሚሠራው ስቶክፊሽ ነው፤ በነጻ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት። አንዴ ከተጫነ በኋላ ማሰቡ የሚካሄደው ስልካችሁ ውስጥ ስለሆነ ዳታ አይበላም። ባትሪ ግን ይበላል። ስልኩ ሲግል ካያችሁ አትደንግጡ፣ እያሰበ ነው፤ ብቻ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ለረጅም ጊዜ አትተዉት።

አሰልጣኝ ለሌለው ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአያት ጊዜ ጀምሮ ጥሩ ቼዝ መማር ማለት ጥሩ ተጫዋች አጠገብ መቀመጥ ነበር። አሁን መሳሳትህን ወዲያው የሚነግርህ አለ። ለምን እንደተሳሳትክ ግን አይነግርህም፣ የሱ መልስ ቁጥር ነው። እኛ የምንመክረው መጀመሪያ ጨዋታውን ያለ ኢንጂን በራሳችሁ ከልሱ፣ የት እንደተበላሸ ገምቱ፣ ከዚያ አብሩት። ከመጀመሪያው ካበራችሁት ዓይናችሁ ቁጥሩን ብቻ ያያል።

አንድ ነገር ሞክሩ። ኢንጂኑ ሲሠራ ስንት እርምጃ አርቆ እንዳየና በሰከንድ ስንት አቀማመጥ እንደሚመረምር የሚያሳይ ጽሑፍ አለ። ስልካችሁ ላይ የሚመጣው ቁጥር የዲፕ ብሉ 200 ሚሊዮን አጠገብ እንኳ አይደርስም። ዲፕ ብሉ ዛሬ ከሙዚየሙ ወጥቶ ቢገጥመው ግን የሚሸነፈው ዲፕ ብሉ ነው። የእናንተ ስልክ ስንት አሳየ? ኮሜንት ላይ ከስልኩ ሞዴል ጋር ጻፉልን።